የተዋስነው ሕፃን

ሐጂ ዐብዱልመሊክ ሲቆጡ አያስፈሩኝም፤ ሲለሰልሱ ነው የምፈራቸው። «ኑሀ፣ የኔ ልጅ» ካሉኝ ወይ በበዓል ቀን ልገባላቸው ነው፣ ወይ እሳቸው ለመናገር ያፈሩትን እኔ ልናገርላቸው ነው። ያን ሰኞ ጠዋት ከሰፌዴ ላይ አስነሥተው ቢሮ አስገቡኝና ሁለቴ «የኔ ልጅ» አሉኝ።

ቢሮ የሚሉት ከለውዝ ጆንያዎቹ ወዲህ ያለች አንዲት ጠረጴዛ ናት። የለውዝ ቤታችን ሐረር፣ ፈላና በርን ገባ ብሎ፣ በሐጂ እናት በአይ ሳዳ ግቢ ውስጥ ነው። «አይ» ስንል እናትዬ ማለታችን ነው፤ ግቢውም ቤቱም የሳቸው ነው፣ ልጃቸውም ጭምር። እኛ ሴቶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠን እንፈለፍላለን፣ እንለቅማለን፤ ወንዶቹ ከኋላ ይቆላሉ፣ ይፈጫሉ። ለዓመታት ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ዘንድሮ ግን ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚያስቡ ቀጣሪዎች ይሸለማሉ ተባለና ሐጂ ተመረጡ።

ምን አድርገው? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዙ ሰጥተዋል። ለማን ቢሉ ለሊዲያ፣ ከኛው ጋር ለምትለቅመው። ከሷ በፊት የወለዱትን እንኳን ፈቃድ ቦታቸውም አልጠበቃቸውም። ሁለተኛ፣ የሕፃናት ማቆያ ከፍተዋል። አሮጌው የጆንያ መጋዘን ተጠርጎ ሰማያዊ ቀለም ተቀባ፣ ግድግዳው ላይ ዳክዬ ተሳለበት፣ ሁለት የሕፃን አልጋ ገባበት፤ ከዚያ እንዳይቆሽሽ ተብሎ ተቆለፈ። ልጆቹ እንደ ድሮው ከእኛው ጋር የለውዝ ገለባ ላይ ይድኻሉ። ከዳክዬው ጋር የተዋወቀ አንድም ልጅ አልነበረም።

«ሊዲያ አርባዋ ወጥቷል አይደል?» አሉኝ ሐጂ። «እናቴ ቆጥራልኛለች።»

«ወጥቷል» አልኩ። እኔም የማውቀው አርባን ነው። በኛ ቤት የወለደች ሴት አርባዋን ስትጨርስ ትታጠባለች፣ ትሰግዳለች፣ ደጅ ትወጣለች።

«እንግዲያው ሽልማቱ ሐሙስ እዚሁ ግቢ ነው። ልጇን ይዛ ትምጣ። ማቆያው ውስጥ አቅፋት ፎቶ ትነሣለች፣ ዋንጫውን አብረን እንይዛለን፣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።»

«ፈቃዷ ገና አላለቀም እኮ፣ ሐጂ። የሚሸልሙዎት ፈቃድ ስለሰጧት ነው። ጠርተው ካመጧት ምኑን ሰጧት?»

«ለአንድ ጠዋት! አቦ፣ አንቺ ደግሞ ጠበቃ ሆንሽ።» ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉት። «ከሽልማት ኮሚቴው ወይዘሮ ፀሐይ ስሟን ጠርታ ነው የጠየቀችኝ። ባነሩ ላይ ያለችው እሷ ናት።»

እሱስ ልክ ናቸው። ባነሩ በሩ ላይ ከተሰቀለ ሰንብቷል፤ ሊዲያ ሆዷ ገፍቶ፣ አንገቷ ላይ ክሯን አስራ፣ ሐጂ ቆባቸውን ደፍተው ከጎኗ ቆመው ፈገግ ብለዋል። የክርስቲያን ወታደር ሚስት በሙስሊም ነጋዴ ግቢ። የሽልማቱ ሰዎች ይህን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ነው ያቀረረው። ሽልማቱን ያሸነፈው ማቆያው ሳይሆን ይሄ ፎቶ ነው እላለሁ።

«ብትቀርስ?»

«ሥራውን አልፈለገችውም ማለት ነዋ። በር ላይ ስንት ሰው ይጠብቃል።» ስለ ዝናብ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። «ካመጣሻት ግን የማቆያው ኀላፊ አንቺ ነሽ። ቁልፉም ይኸው።»

ቁልፉን ተቀበልኩ። አልዋሽም፣ ሥራውን ፈልጌዋለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ያለውን የተማርኩት ለውዝ ከሚጠቀለልባቸው አሮጌ መጻሕፍት ነው፤ ገጹ ጎድሎ ታሪኩ ሲቋረጥብኝ የቀረውን ራሴ እጨርሰዋለሁ፣ አንዳንዴም ከጸሐፊው አሻሽዬ። እንደኔ ላለው ወንበር ያለው ሥራ በየቀኑ አይመጣም።

ሊዲያ የምትኖረው አቦከር ሰፈር፣ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ባሏ ኪሩቤል ከደብረ ብርሃን አምጥቶ ሐረር አስቀመጣት፤ ዓመት ሳይሞላ እሱን ወደ ሌላ ግዳጅ ላኩት። ስልኩ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፤ የሚልክላትም እንደ ስልኩ ነው። እዚህ ከተማ አክስት የላት፣ እህት የላት። ያለቻት አከራይዋ ናት።

ስገባ መጋረጃው ተጋርዷል። ሕፃኗ ከግድግዳው በኩል ተኝታለች፤ ራስጌዋ ላይ ቢላዋ ተቀምጧል። ለማን እንደተቀመጠ አልጠየቅኩም፤ የኛም እናቶች ከሕፃን ራስጌ የማያስቀምጡት ነገር የለም። መልእክቴን ተናገርኩ።

«አርባ?» አለች ሊዲያ። «የምን አርባ? አርባ የወንድ ነው። የሴት ሰማንያ ነው።»

«እኛ ዘንድ ወንድም ሴትም አርባ ነው።»

«እናንተ ዘንድ ነዋ! ልጄን አይ ሳዳ ናቸው እንዴ ክርስትና የሚያነሡልኝ?»

«እኔ ምን አውቄ? የናንተ ቄስ ቀን ሲቆጥር አጠገቡ አልነበርኩም።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መንገድ ላይ ቀረ። «ኑሀ፣ ክርስትና ያልተነሣች ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚያ ሁሉ ካሜራ? አከራዬ እንኳ ስትገባ ሻሽ ጣል አድርጌባት ነው። አላወጣትም።»

«ሥራሽን ነው የያዙት።»

«እንዴት ማለት?»

«ካልመጣሽ ሌላ ሰው ይገባል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ እንዲህ አትዪኝ።»

ከደጅ አከራይዋ ባልዲ ስታንኳኳ ይሰማል። ሊዲያ የሕፃኗን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ያዘች፣ ሊወስድባት የመጣ ሰው ያለ ይመስል።

«እኔ እመጣለሁ» አለች በመጨረሻ። «እኔን ይዩኝ። እሷን ግን አያዩም።»

«ልጅ የሌላት እናት ምን ትሠራላቸዋለች? ማቆያው ውስጥ ዳክዬውን ታቅፊያለሽ?»

«አንቺ ምላስ አለሽ። በምላስሽ መላ ፈልጊልኛ!»

ለሐጂ ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ለአፍታ እንኳ አላሰቡበትም። «ሕፃን ሕፃን ነው» አሉ። «የሰዐዲያን ልጅ ትያዝ። ከሩቅ ማን ለይቶ ያውቀዋል?»

ሰዐዲያ ከጎኔ ነው የምትለቅመው፤ የሰፈራችን ልጅ ናት። ልጇ ሪድዋን ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ በጀርባዋ አዝላው መጥታ በጆንያዎቹ መካከል ታስተኛዋለች። ስንነግራት መጀመሪያ ሳቀች።

«የኔን ልጅ ሊያጠምቁት ነው?»

«ለመያዝ ብቻ ነው» አልኳት። «አንድ ፎቶ።»

«ወላሂ ለመያዝ ብቻ?»

«ለመያዝ ብቻ።»

«እኔ እናቱ ባቅፈው ፎቶው ይበላሻል?»

«ባነር ላይ የለሽማ።»

ይህን ስላት ፊቷ ትንሽ ዞረ። እሺ ግን አለች። የሷም ቦታ ያው ቦታ ነው፤ እሱንም የሚሰጡትና የሚነሱት ያው ሰው ናቸው።

ሐሙስ ዕለት ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ የሰፌዱ ሥራ ቆመ። አዲስ ቲሸርት ታደለን፤ ደረቱ ላይ እናት፣ አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሥለዋል። ሊዲያ ጠዋት ልጇን አጥብታ ከአከራይዋ ጋር ትታ መጣች። ሰዐዲያም ሪድዋንን አጥግባ አቀበለቻት። ሁሉ ነገር ተሰልቷል፤ ያልተሰላው እንግዶቹ የሚመጡበት ሰዓት ነው። ይመጣሉ በተባለበት ሰዓት አልመጡም። ከዚያም በኋላ አልመጡም። ፀሐይዋ ድንኳኑን አለፈችና ጉልበታችን ላይ ወጣች። ሰዐዲያ ልጇን መልሳ ልትወስድ ብትል ሐጂ «አሁን ይገባሉ፣ ቦታሽን ያዢ» እያሉ መለሷት፣ ደግሞ መለሷት።

አይ ሳዳ ፊት ለፊት በጥላ ተቀምጠዋል። የግቢውን ልጅ ሁሉ ከነእናቱ ያውቃሉ፤ ሊዲያ ሪድዋንን ስታቅፍ አይተው፣ ሰው ልጅ ተረዳድቶ ነው የሚያሳድገው ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ምንም አላሉም።

እንግዶቹ ሲደርሱ ሁሉም ነገር በሩጫ ሆነ። ወይዘሮ ፀሐይ ደግ ፊት ያላት፣ የደከማት ሴትዮ ናት፤ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች። በዚያ ጠዋት ብቻ ሁለት ቦታ ሸልማ መምጣቷ ነው። ሊዲያን አቅፋ ሳመቻት። «ባነሩ ላይ ያለሽው! ይኸው ወለድሽ!» አለች። ከዚያ ሁላችንም ወደ ማቆያው። ቁልፉን እኔ ከፈትኩ። ውስጡ የቀለም ሽታው አልለቀቀም። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ሊዲያን ከዳክዬው ሥር አስቀመጣት።

ሪድዋን በዚያች ቅጽበት አለቀሰ። ማልቀስ ብቻ አይደለም፤ ፊቱን የሊዲያ ደረት ላይ እየቀበረ፣ በአፉ ጡት እየፈለገ።

«እርቦታል» አለች ወይዘሮ ፀሐይ። «አጥቢው እንጂ፣ የኔ እመቤት። ማቆያውስ ለዚህ አይደል? ጥሩ ፎቶ ይሆናል። ፊትሽን ብቻ ነው የሚያነሣው፣ አይዞሽ።»

«አሁን ነው ያጠባሁት» አለች ሊዲያ።

ግን ውሸቷን ልብሷ አጋለጠባት። ሕፃን አልቅሶ ጡቷ ቀድሟት ፈሰሰ፤ ግራና ቀኝ ሁለት እርጥብ ክብ ቲሸርቷ ላይ እየሰፋ ሄደ። ልጇ አቦከር፣ ወተቷ እዚህ።

«ይኸው እየፈሰሰሽ!» ሳቀች ወይዘሮ ፀሐይ።

«አጥቢ፣ ምን ያሳፍራል» አሉ ሐጂ። ድምፃቸው ቅቤ ነበር።

መስኮቱ ላይ ሰዐዲያን አየኋት። እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ሊዲያ እኔን አየችኝ፤ እኔ ቁልፉን አየሁ። ከዚያ ሊዲያ ዓይኗን ጨፍና ቲሸርቷን ከታች ያዘች፣ ሻሿን ሳብ አድርጋ ልጁን ከሥሩ አስገባችው።

ያኔ ነው አይ ሳዳ ከበሩ ላይ የጮኹት። በኛው ቋንቋ፣ በከተማው ቋንቋ በሐረሪኛ፣ እጃቸውን አንሥተው። አማርኛ ያውቃሉ፤ ሲናደዱ ግን አማርኛው ይጠፋቸዋል፣ ወይም ያጠፉታል። ሊዲያ ቃሉን ባትሰማም ጩኸቱን ሰምታ ልጁን ከደረቷ አላቀቀችው። አፉ ገና አልነካም ነበር፤ እሪ አለ።

«ምንድን ነው? ምን ሆኑ እናታችን?» አለች ወይዘሮ ፀሐይ።

«እየመረቀች ነው» አሉ ሐጂ። «እናቴ ሕፃን ስታይ ትመርቃለች።»

ወይዘሮ ፀሐይ አይ ሳዳን አየቻቸው። ቋንቋውን ባታውቅም ምርቃት እንዲህ እንደማይጮኽ ታውቃለች። ዞር አለችና ቁልፍ የያዘችውን አገኘች።

«አንቺ የዚሁ የከተማው ልጅ ነሽ አይደል? ምን እያሉ ነው?»

ሐጂ አዩኝ። «ንገሪያት፣ የኔ ልጅ።»

አንድ «ይመርቃሉ» ነበር የሚበቃው። አንዲት ቃል፣ ወንበሩ የኔ፣ ቁልፉ የኔ። አይ ሳዳ ግን አሁንም እየጮኹ ነው፣ ሰዐዲያ መስኮቱን ይዛ ታለቅሳለች፣ ሊዲያ ደግሞ ረጥባ፣ የሰው ልጅ ታቅፋ፣ ከዳክዬ ሥር ተቀምጣለች።

«ልጁ የሷ አይደለም ነው የሚሉት» አልኩ። «እናቱ ያቻት፣ መስኮቱ ጋ። በኛ ሃይማኖት ከአንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው፤ አድገው ቢጋቡ ሐራም ነው። ስንት ጊዜ ሲጠባ ነው የሚለውን ሼኾቹ ይወቁት፤ ጡት ግን መጫወቻ አይደለም አሉ። የእናቱንም የአባቱንም ፈቃድ ሳትጠይቁ የጡት እናት አትሹሙ አሉ።» ትንፋሽ ወሰድኩ። «የሷ ልጅ ቤት ናት። ገና ክርስትና አልተነሣችም። የወሊድ ፈቃዷም አላለቀም፤ ካልመጣሽ ሥራሽን ታጫለሽ ተብላ ነው የመጣችው።»

ይህችን የመጨረሻዋን አይ ሳዳ አላሏትም። እኔ ነኝ የጨመርኩባት።

ሪድዋን ብቻ ይጮኻል። ሰዐዲያ በሰው መሐል ገብታ ልጇን ነጠቀችና ወጣች። ወይዘሮ ፀሐይ ለካሜራው ሰውዬ «ይሄን ቁረጠው» አለችው። ደግነቷ ፊቷ ላይ እንዳለ ነበር፤ ምን ላይ እንደምታሳርፈው ነው የጠፋት። ሐጂን ወደ አልጋዎቹ ጥግ ወሰደቻቸው፤ ክፍሉ ጠባብ ነውና ሁላችንም ሰማን።

«ያችኛዋን እናት ከነልጇ ብታቆሙልኝ ምን ነበረበት፣ ሐጂ?»

«ባነሩ ላይ የለችማ!»

«አሁን እኔ ምን ልበል? ሰው ተጠርቷል፣ ዋንጫው ተጽፎበታል።»

የሚባለው ተገኘ። መርሐ ግብሩ ይቀጥል ተባለ። ድንኳኑ ውስጥ ሐጂ ዋንጫውን ተቀበሉ፤ ሊዲያ ባዶ እጇን አንዱን እጀታ እንድትይዝ ተደረገ፤ ደረቷን በሻሿ ሸፍና። ሴቶቹ ከማጨብጨባቸው በፊት እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አጨበጨቡ። ወይዘሮ ፀሐይ ማይክራፎኑን ይዛ «ፈቃዷን እስከ መጨረሻዋ ቀን ታርፋለች፣ ቦታዋም ይጠብቃታል፣ አይደለም ሐጂ?» አለች፣ ዓይኗን ከሳቸው ሳትነቅል። «እንዴታ!» አሉ ሐጂ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሌላ ምን ይላሉ? ከዚያ ቀን አንድ እውነተኛ ነገር ቢገኝ ይህች «እንዴታ» ናት፤ እሷም የወጣችው በግድ ነው።

እንግዶቹ ሲወጡ ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን።» ሰጠኋቸው። «ነገ አትምጪ።» «የኔ ልጅ» የለም፣ ምን የለም። ቁጣቸው እንደማያስፈራ ተናግሬያለሁ፤ ይሄ ግን ቁጣ አልነበረም። ማቆያውን ራሳቸው ቆለፉት። «ለእንግዳ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

አይ ሳዳ በሩ ጋ ጠበቁኝ። ያመሰግኑኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ ሰው መቼም ሞኝ ነው።

«ልጄን በባዕድ ፊት አዋረድሽው» አሉኝ።

«አይ፣ እርስዎ ያሉትን ነው እኮ የተናገርኩት!»

«እኔ በቋንቋዬ ነው የተናገርኩት። እሱ ሰምቷል፣ ሊዲያም እጇን ሰብስባለች፣ በቃ። አንቺ ማን አውጪው አለሽ?»

መልስ ነበረኝ። ሁልጊዜም አለኝ። ግን ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፣ ዕድሜያቸውም የእናቴ እናት ዕድሜ ነው። ጎንበስ ብዬ አለፍኳቸው።

ከሊዲያ ጋር በአንድ ባጃጅ ወደ አቦከር ተመለስን። በመንገዱ ሁሉ አላናገረችኝም። የልጇ ለቅሶ ከደጅ ይሰማ ነበር፤ አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ ሰልሏል። ሊዲያ ከአከራይዋ ነጠቀቻትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጡቷን አጎረሰቻት። ሕፃኗ እየጠባችም መሐል መሐል ትንሰቀሰቃለች።

«ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ ሊዲያ፣ ቀና ሳትል።

«ሴትዮዋ ጠየቀችኛ።»

«እሱን አላልኩሽም። አጥብቼው ፎቶው ተነሥቶ እቤቴ እገባ ነበር። ማን ይሞት ነበር?»

«ሊዲያ፣ ሐራም ነው እኮ። ወንድምና እህት ይሆናሉ።»

«ታዲያ ቢሆኑስ?» አሁን ቀና አለች። «ለናንተ ነው ሐራሙ። ለኔ ልጅ ወንድም ባገኝላት ምን ይከፋል? እዚህ ከተማ አንድ ዘመድ አላት? ሰዐዲያ እህቴ ትሆን ነበር። በቀን አንዴ መጥታ ታይልኝ ነበር። ሰፈራችሁ በሙሉ ዘመዴ ይሆን ነበር።»

ይህን በየትኛውም ገጽ ላይ አላነበብኩትም፣ አላሰብኩትምም። ያዳንኳት መስሎኝ ነበር።

«ቦታሽን ግን ተናግረዋል፣ በማይክራፎን» አልኳት።

«ቦታዬንማ ሰማሁ። ልጄንስ? ማቆያው ተቆለፈ። አይ ሳዳ ከዛሬ ወዲያ እኔንም ልጄንም ጥላቸው ሥር ማየት የሚወዱ ይመስልሻል? ፈቃዴ ሲያልቅ የት ላደርጋት ነው?» ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረች። ቆየት ብላ፣ «አንቺ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም» አለች።

«ይኸው አስታወስሽኝ፣ እግዜር ይስጥሽ።»

«ትይዥልኛለሽ።»

«እኔ? ሞግዚት?»

«ኀላፊ ልበልሽ?»

ተናደድኩ። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ ከሐጂ «አትምጪ» ይልቅ ይሄ አቃጠለኝ። «የሰው ልጅ ሽንት ለማጠብ ነው ያን ሁሉ ያነበብኩት?» ልል ነበር። ሊዲያ ግን ተነሥታ ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ ነበር።

«ምን ማድረግሽ ነው? ክርስትና ሳትነሣ ሰው አያያትም አላልሽም?»

«አይተሻታል እንግዲህ። ምን ላድርግ? ቲሸርቱ ሳይደርቅብኝ ልጠበው፣ ሽታው እያስነጠሰኝ ነው።» ያንን እናትና አባት የተሣሉበትን ቲሸርት በሻሿ ሥር አውልቃ፣ ቀሚሷን ደርባ ወጣች።

እሺም እምቢም አላልኩም። የባልዲው ውሃ ሲንቦጫረቅ እሰማለሁ። ሕፃኗ ቀላ ያለች፣ ፀጉሯ ለጥ ያለ፣ ገና ስም ያልወጣላት ናት፤ አንገቷ አልጠናም፣ ራሷ ወደ ክንዴ እየተንከባለለ ያስቸግረኛል።

«ራሷን ደግፊ!» አለች ሊዲያ ከደጅ።

«ደግፌያለሁ» አልኩ፣ እጄን ከሥሩ እያስገባሁ።